ያልተጻፈባቸው ሰባት ቀናት

አየሁሽ ብርድን የምትፈራው ሰው እንደሚፈራ ነበር። ስሙን ስትጠራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ በር ሲከፈት ከእንግዳው ቀድሞ የሚገባው እሱ ይመስላታል። ባሏን ዘመነን ከሰባት ዓመት በፊት የወሰደባት ብርድ ነው ብላ ታምናለች። ዘመነ በሰኔ ዝናብ ሲያርስ ውሎ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ደረቱ ሲር ሲር እያለ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። እሷ የቤቱን መስኮት በጨርቅ ወትፋ፣ ፍም ከአልጋው አጠገብ አስቀምጣ፣ ጠዋትና ማታ ክፍሉን በወይራ እያጠነች ሦስት ሳምንት ታገለች። አልሆነም። በቀብሩ ዕለት የቢቸና ሰው «እንዴት ያለች አስታማሚ ነበረችው!» እያለ አመሰገናት። ያ ምስጋና ለሰባት ዓመት መጽናኛዋ ሆኖ ኖረ።

ስለዚህ ልጇ ውቢት ሞጣ ላይ ሴት ልጅ ስትወልድ፣ አየሁሽ ከቢቸና የተነሳችው ለአራስ ገንፎ ለማገንፋት ብቻ አልነበረም። ውቢት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ አስም እንዳለባት ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኗታል። የእሷም ደረት እንደ አባቷ ሲር ሲር ይላል። አየሁሽ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ልጅቷ በተወለደች በሦስተኛው ቀን፣ በደብረ ወርቅ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ሁለት ኬሻ ይዛ ሞጣ ገባች። በአንዱ የገብስ ዱቄትና ቅቤ፣ በሌላው የተፈለጠ ወይራ ነበረበት።

የውቢት ባል የኔሰው ከሞጣ ባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል፤ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ኬሻውን ከባጃጅ ሲያወርድ ክብደቱ አስገረመው።

«እማማ፣ ሞጣ እንጨት የለም ብለው ነው?»

«የሞጣን እንጨት ምን አውቄው? ይሄ በእጄ የፈለጥሁት ነው። ያለ ወይራ አራስ ቤት ይሆናል እንዴ?»

«እኔስ ትርፍ ስጭን ትራፊክ ይቀጣኛል። እርስዎን ማን ይቅጣዎት?»

አየሁሽ ስቃ ገባች። ገብታም የመጀመሪያ ሥራዋ መስኮቱን መዝጋት ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ውቢትን ሁለት ጊዜ አፈናት። ትንፋሽ ስትስብ አንገቷ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ስታስወጣ ያፏጫል። ሰማያዊውን የሚሳብ መድኃኒት ወደ አፏ ታስገባና ትጫነዋለች፤ ቀስ እያለ ይለቃታል። በሳምንቱ ሆስፒታል ሄደው ክትትሏን ከምትይዘው ነርስ ከሲስተር እፀገነት ፊት ተቀመጡ። ሲስተር እፀገነት ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ ስትናገር የማትቸኩል ልጅ ናት።

«የአንዱ አስም እንደ ሌላው አይደለም» አለች። «አንዱን አቧራ ይቀሰቅስበታል፣ አንዱን ጉንፋን፣ አንዱን ደግሞ ንዴት። የውቢትን ምን እንደሚቀሰቅሰው ካላወቅን ዝም ብለን ስንሯሯጥ እንኖራለን። በያዛት ቁጥር ቀኑንና ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ ጻፉልኝ። ጭስ እንዳይደርስባት። ቡናማውን መድኃኒት ደህና ስትሆንም ጠዋትና ማታ ትሳበው፤ ሰማያዊው ሲያፍናት ብቻ ነው።»

«እኔ እጽፋለሁ» አለች አየሁሽ።

ውቢት ዞር ብላ አየቻት። «የኔሰው ይጻፈው እንጂ እማዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ?»

«የኔሰው መንገድ ላይ ነው የሚውል። አጠገብሽ የምውለው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ማታ ማታ የተማርሁት ለመቼ ነው?»

እውነቷን ነበር። ቢቸና በጎልማሶች ትምህርት ክፍል፣ ልጆች በሚቀመጡበት ጠባብ አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ፊደል ቆጥራለች። የኔሰው ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛላት። ሽፋኑ ላይ የልጇን ስም ስትጽፍ ረፋዱ አለቀ።

ጭስ የተባለውንም ችላ አላለችውም። ማድ ቤቱን ከቤቱ አራቀችው፤ ከግቢው ጫፍ በአሮጌ ቆርቆሮ መከለያ ሠርታ ምድጃውን ወደዚያ አዛወረች። ድመቷን ለሰው ሰጠች። ጎረቤታቸውን ፈንታነሽንም በአጥር ላይ ጠርታ፣ ኩበት ስታነድ ወደ እነሱ እንዳይመጣ ለመነቻት።

«ጭሱን በገመድ አስሬ ላውለው ነው እትዬ አየሁሽ?» አለች ፈንታነሽ።

«ብትችዪ እሰሪው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ፈንታነሽ ኩበት የምታነደው ነፋሱን አይታ ሆነ።

ወይራው ግን በአየሁሽ ሐሳብ ውስጥ ከጭስ ጋር ተቆጥሮ አያውቅም። ጭስ ማለት ዓይን የሚያስለቅስ፣ ጣራ የሚያጠቁር፣ ከኩበትና ከእርጥብ እንጨት የሚወጣ ነገር ነው። ወይራ ቤት ያጠራል፣ አራስን ያጠነክራል፣ የልጅ ጨርቅ ሽታ ያሳምራል። ውቢትን ወልዳ አራስ ሳለች እናቷ ያደረገችላትን ልጇን እንዴት ትነፍጋት? የኔሰው ወደ ሥራ ሲወጣ መስኮቱን ትዘጋለች፤ በስንጥቁ ጨርቅ ትወትፋለች፤ በገል ላይ ፍም አድርጋ ወይራ ትጨምርበትና ከአልጋው ግርጌ ታስቀምጠዋለች። ክፍሉ በነጭ ጉም ሲሞላ ደስ ይላታል።

ቡናማውንም መድኃኒት አልወደደችውም።

«ሳያምሽ መድኃኒት ምን ያደርግልሻል? ወተትሽ ውስጥ ገብቶ ልጅቷን ቢጎዳትስ? ሱስም ይሆንብሻል።»

«ሲስተር እኮ ደህና ስሆንም ሳቢው ብላኛለች።»

«ሲስተር አልወለደችሽም።»

ውቢት አራስ ናት፤ እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃኗን አቅፋ እያደረች ነው። ቡናማው መድኃኒት ከቁምሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ ተቀመጠ።

ደብተሩ በየጊዜው ይሞላ ጀመር። አየሁሽ ፊደሉን እየተጫነች ትጽፋለች፤ የእስክሪብቶው ምልክት በሚቀጥለው ገጽ ላይ ሳይቀር በእጅ ይዳሰሳል። «ግንቦት 6። ነፋስ ነበር።» «ግንቦት 11። ዘነበ። ብርድ ገባ።» «ግንቦት 19። የኔሰው አምሽቶ ገባ። ተናደደች።» «ግንቦት 27። ጉንፋን ይዟታል።» «ሰኔ 8። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ መጡ። ብዙ አወራች።» እስከ ሰኔ ሃያ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈች። ነፋሱንም፣ ዝናቡንም፣ አማቿንም፣ እንግዳውንም ጻፈች። የራሷን እጅ ብቻ አልጻፈችም።

ሲስተር እፀገነት ደብተሩን ስታየው ፈገግ አለች። «እማማ፣ የእርስዎ ጽሑፍ ከእኛ ሐኪሞች ጽሑፍ የተሻለ ይነበባል።» ከዚያ ገጾቹን መለስ ቀለስ አደረገችና ግንባሯ ተቋጠረ። «ግን ቀኖቹን የሚያገናኝ ነገር አጣሁበት። ስድስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ብዙ ነው። ያልተጻፈ ነገር ይኖር ይሆን?»

«ምንም የለም» አለች አየሁሽ። ስትናገር ከልቧ ነበር።

ሰኔ 24 ቀን የዘመነን የሙት ዓመት መታሰቢያ ለማድረስ ወደ ቢቸና ሄደች። ከመሄዷ በፊት ደብተሩን ለየኔሰው አስረከበችው፤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቀኑ ከላይ ነገሩ ከታች እንደሚሆን ሁለት ጊዜ አስረዳችው። ወይራ የት እንደተቀመጠም አሳየችው። እሱም ለሁሉም «እሺ» አለ።

ቢቸና ስትደርስ ቤቷ እንደተዘጋ ነበር። ዘመነ የተኛበት ክፍል መስኮት ላይ በዚያን ጊዜ የወተፈችው ጨርቅ ዛሬም እዚያው አለ፤ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። አልነካችውም። መታሰቢያውን አድርሳ፣ የመጡትን ሸኝታ፣ ስለ ውቢት ስትጨነቅ ሰንብታ ሐምሌ 1 ቀን ሞጣ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወርድ ደብተሩን ፈልጋ ገለጠችው። ከሰኔ 20 በኋላ ባዶ ነው።

«የኔሰው! ይሄ ምንድን ነው?»

«ደብተር ነው እማማ።»

«ደብተር መሆኑንማ አያለሁ። ጽሑፉ የታለ? ሰባት ቀን ሙሉ እጅህ ታስሮ ነበር?»

«የሚጻፍ ነገር አልነበረማ!»

«ምን ማለት ነው?»

«አንድ ቀንም አላፈናት። እርስዎ ሲሄዱ አስሙም አብሮዎት አውቶቡስ የተሳፈረ ነው የመሰለን።»

ውቢት ሳቀች። ከልቧ፣ ረዥም ሳቅ ሳቀች፤ ሳቋ መጨረሻ ላይ ማፏጨት አልነበረበትም። አየሁሽም አብራ ሳቀች። ነገር ግን የአማቿ ቀልድ እንደ እሾህ ገብቶ አንድ ቦታ ላይ ቀረ።

«እና ምን ስታደርጉ ከረማችሁ?» አለች፣ ነገሩን ቀላል አስመስላ።

«ምንም። መስኮቱን ከፍተን ተኛን። ወይራውን እኔ ማያያዝ አላውቅበት፤ ተውሁት። ቡናማውን መድኃኒት ከሻንጣው ኋላ አግኝቼ ሰጠኋት፤ ጠዋት ማታ ስትስብ ነበር።»

አየሁሽ ደብተሩን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። አሥራ አንዱን ቀን በልቧ አመላለሰች። ነፋስ የነበረው በአንዳንዱ ቀን ብቻ ነው፤ የዘነበውም በአንዳንዱ ብቻ። ወይራ ግን በአሥራ አንዱም ነበረ።

በማግሥቱ አላጠነችም። ውቢት ስትጠይቃት «ወይራው ረጥቧል» አለች። በሦስተኛው ቀን «ጉልበቴን አሞኛል» አለች። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ፤ አንድም ጊዜ አልተጻፈም። በዚያን ጊዜ መናገር ነበረባት። «ልጄ፣ ያፈነሽ እኔ ነኝ» ማለት፣ ወይራውን ከቤት ማውጣት፣ ለሲስተርም መንገር። በየቀኑ አፏ ላይ እየደረሰ ተመለሰባት። ነገሩ በውቢት ብቻ የሚያቆም ቢሆን ትናገረው ነበር። ግን ወይራው ውቢትን ካፈናት፣ ፍም ከአልጋው አጠገብ፣ ጨርቅ በመስኮቱ ላይ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ... ሐሳቡ እዚያ ላይ ሲደርስ ብድግ ብላ ሌላ ሥራ ትይዛለች።

የሕፃኗ ክርስትና ሰማንያኛው ቀን፣ ሐምሌ 15 ነበር። ሐምሌ 10 ቀን ጠላው ደርሶ ወደ ትልቁ ጋን ሊገለበጥ ሆነ። ያን ቀን ሞጣ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ያለማቋረጥ ዘነበ፤ የግቢው ጫፍ መከለያ በጎርፍ ተሞላ፤ ምድጃው ጠፋ። የኔሰው ባሕር ዳር ነበር። ፈንታነሽ ልታግዝ መጥታ ጋኑን አሸተተችው።

«ይሄማ አልታጠነም! ባልታጠነ ጋን የተገለበጠ ጠላ ማን ይጠጣልሻል? ቄሶቹ ሁሉ ናቸው የሚመጡት።»

«ውጭ እሳት የለም» አለች አየሁሽ።

«እዚህ ሳሎኑ ላይ ማጠን ነዋ! ዝናቡን ልትጠብቂ ነው?»

አየሁሽ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ አየች። ውቢት ከሕፃኗ ጋር ተኝታለች። ትናንት ጉንፋን ጀምሯታል፣ አፍንጫዋ ታፍኗል። ስለ ባዶው ገጽ ለፈንታነሽ መንገር ትችል ነበር። አፈረች። አንድ ጊዜ ነው፣ ደግሞስ ለጋኑ እንጂ ለእሷ አይደለም፣ ብላ ራሷን ሸነገለች። ፈንታነሽ ከቤቷ በገል ባመጣችው ፍም ላይ የቀረውን ወይራ ጨምራ ጋኑን ደፋችበት። ውሽንፍሩ እንዳይገባ በሩን ዘጋች።

ጢሱ በጋኑ ከንፈር ሥር እየሾለከ ወለል ወለሉን ሄደ፤ ከመጋረጃው ሥር ገባ።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ የአልጋው ሽቦ ጮኸ። አየሁሽ መጋረጃውን ስትገልጥ ውቢት ተቀምጣ ሁለት እጇን ፍራሹ ላይ ተክላለች፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል ይወርዳል። ሰማያዊውን ሳበች፤ ደግማ ሳበች፤ አልለቃትም። ልትናገር ሞከረች፤ ቃል የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀሰረች።

አየሁሽ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ምን እንደተጠየቀች አውቃለች። እጇ ግን የሰባት ዓመት፣ የዕድሜ ልክ ልማዱን አደረገ፤ ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ በጨርቁ ጠበቅ አድርጋ ወተፈችው። ያደረገችውን ያየችው ካደረገችው በኋላ ነው። ዘወር ስትል ልጇ እያየቻት ነበር። የውቢት ከንፈር ወደ ጥቁር ሰማያዊነት እየተለወጠ ነው፤ ጣቷ አሁንም መስኮቱ ላይ ነው።

በሩን የከፈተችው ፈንታነሽ ናት። ባጃጅ ያቆመችውም ፈንታነሽ ናት። አየሁሽ ሕፃኗን አቅፋ በዝናብ ውስጥ ከኋላ ሮጠች።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት፤ በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጧት። ማታ ላይ ዓይኗን ገለጠች፤ ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ወርዷልና ተኝታ ትታከም ተባለ። በማግሥቱ ሲስተር እፀገነት መጣች፤ የውቢትን እጅ ይዛ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ቡናማውን ስትስቢ ነበር?»

ውቢት ራሷን ነቀነቀች፤ አልሳብሁም ማለቷ ነው። «ጀምሬው ነበር» አለች፣ በየቃሉ መሀል እየተነፈሰች። «እማዬ ስትመለስ... ተውሁት። እንዳይከፋት።»

አየሁሽ ከአልጋው ራስጌ ቆማ ይህን ሰማች። ከተመለሰች ወዲህ ስለ መድኃኒቱ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። መናገርም አላስፈለጋትም።

ሲስተር እፀገነት ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ተከተለቻት። ከብብቷ ሥር ደብተሩን አወጣች።

«ሲስተር፣ ይሄ ትክክል አይደለም።»

«ምኑ እማማ?»

አየሁሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶ ለመነች። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ከ«ነፋስ ነበር» አጠገብ «ወይራ አጠንሁ» ብላ ጻፈች። ከ«ዘነበ» አጠገብም ጻፈች። ከየኔሰው አጠገብ፣ ከጉንፋኑ አጠገብ፣ ከእንግዶቹ አጠገብ ጻፈች። አሥራ አንዱንም እስክትጨርስ ሲስተር እፀገነት ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ አዲስ መስመር ላይ «ሐምሌ 10። ወይራ አጠንሁ። መስኮት ዘጋሁ» ብላ ጨመረች።

ሲስተር እፀገነት ደብተሩን ተቀብላ ረዥም ጊዜ አየችው። «አላወቁም ነበር እኮ እማማ። ብዙ እናት እንደዚህ ታደርጋለች።»

«ለአባቷ ሳደርግ አላወቅሁም» አለች አየሁሽ። «ለሞተ ሰውም ይጻፋል?»

«እሱን ምን እንደገደለው አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«እሺ። የእሱን አላወቅሁም። የዘጠኙን ቀን ግን አውቄ ነበር። ባዶውን ገጽ አይቼዋለሁ።»

ሲስተር እፀገነት አጠገቧ ተቀመጠች።

ክርስትናው በሰማንያኛው ቀን ደረሰ፤ ውቢት አልጋ ላይ ነበረች። ሕፃኗን ፈንታነሽ ክርስትና እናት ሆና አነሳቻት፤ ወለተ ሥላሴ ተባለች። የኔሰው የሚስቱ ቦታ ላይ ብቻውን ቆመ፤ ያን ቀን አንድም ቀልድ አልወጣውም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዶቹ ተቀመጡ፣ ጠላው ተቀዳ። አንድ ሽማግሌ ጽዋቸውን አንስተው ሽታውን ሳቡ።

«አቤት አስተጣጠን! እጅሽ ይባረክ አየሁሽ!»

ሌሎቹም «እውነት ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አነሳችና ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ውቢትን ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘቻት። ኦክስጅኑ ተነስቶላታል።

«ክርስትናዋ እንዴት ነበር? አለቀሰች?»

«ውሃው ሲነካት ጮኸች። ከዚያ ዝም አለች።»

«ልብሱ ልኳ ሆነ?»

«ልኳ ነው። ትንሽ እጅጌው ረዘመ።»

ውቢት ዓይኗን ጨፈነች፤ ያላየችውን ለማየት የምትሞክር ይመስል ነበር። አየሁሽ እስክትገልጠው ጠበቀች። ከዚያ ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ አሥራ አንዱ ቀን፣ ስለ ሰባቱ ባዶ ቀናት፣ «ወይራው ረጥቧል» ስላለችው፣ ጋኑን ስትደፋ ምን እንዳሰበች። ስለ አባቷም ክፍል፣ እስከ ዛሬ በመስኮቱ ላይ ስላለው ጨርቅ ነገረቻት። ይቅርታ አልለመነችም፤ መለመን ምክንያት ማቅረብ መሰላት።

ውቢት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከጎረቤት አልጋ አንዲት ሴት ስታስል ይሰማል።

«አይቼሽ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጨርቁን ስትወትፊው።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን እማዬ?»

ውጭ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፤ የሐምሌ ነፋስ የክፍሉን መስታወት ያንቀጫቅጫል።

«ክፈችልኝ» አለች ውቢት፣ ፊቷን ሳታዞር።

አየሁሽ ሄዳ መቀርቀሪያውን አነሳችና መስኮቱን እስከ መጨረሻው ገፋችው። ብርዱ ደረቷ ላይ መጣ። ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች፣ ከዚያ ለቀቀችው። ከኋላዋ የልጇን ትንፋሽ እያዳመጠች፣ አንዱን ከሌላው እየለየች፣ እስክትጠራት ድረስ እዚያው ቆመች።